ከቆመው ድንጋይ የተለካ

ጋሽ አያል ማረፋቸውን የነገረችኝ፣ ስለ እሳቸው ልትጠይቀኝ የደወለች ሴት ናት። ደምበጫ ገበያ ዳር ነበርኩ። ባጃጆችና የፈረስ ጋሪዎች አንድ ጠባብ መንገድ እንዴት እንደሚጋፉበት ለሬዲዮ ዘገባ ድምፅ እቀዳ ነበር። ስልኩ ሲጠራ መቅረጫውን ሳላጠፋ አነሳሁት። ስለዚህ የዚያ ቀን ንግግር ግማሹ፣ የእኔው ግማሽ፣ ዛሬም አለኝ። የእሷን ግማሽ ወዲያው ከያዝኩት ማስታወሻ ነው የምጽፈው።

“ሰላም እባላለሁ፤ ከከተማው ፕላንና ግንባታ ጽሕፈት ቤት ነው የምደውለው። አቶ አያል የሚባሉ ቀያሽ ያውቁ ነበር?”

“አውቃቸዋለሁ። ደህና ናቸው?”

“የሰሙ መስሎኝ ነው… ይቅርታ ያድርጉልኝ። ካረፉ ሁለት ወር ሆናቸው።”

መቅረጫው ላይ ከዚህ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚሰማው የአንድ ጋሪ ነጂ ድምፅ ነው። “ዞር በል! አንተ ሰውዬ፣ ዞር በል እንጂ!” መሐል መንገድ ላይ ቆሜ ነበር ማለት ነው።

የከተማዋን ስም አልጠቅስም። ከደብረ ማርቆስ ብዙም አትርቅም፤ ፋይሉ ውስጥ ያሉት ሰዎችም አብዛኞቹ በሕይወት አሉ። ሰላም ያለችኝ ይህን ነው። ወይዘሮ ደብሬ በሚባሉ ሴት የግንባታ ፈቃድ ውስጥ የእኔ ስምና ፊርማ “ምስክር” ተብሎ ሰፍሯል። ከሃያ ዓመት በላይ ስዘግብ በማንም ፋይል ላይ ፈርሜ አላውቅም ልላት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ትዝ አለኝ። ጋሽ አያል ቦታ ሲለኩ አጠገባቸው የተገኘውን ሁሉ ያስፈርሙ ነበር። ውሃ ቀድቶ የሚያልፈውን፣ ከቅዳሴ የሚመለሰውን ቄስ፣ ማንንም። “ያየ ይፈርም” ይሉ ነበር፣ “ዓይንህን አጥግበህ ባዶ እጅህን ልትሄድ ነው?” እኔም ያን ቀን ስለ ከተማዋ አዲስ መንገድ ልዘግብ ሄጄ፣ ከጎናቸው ቆሜ ነበር።

“አሁን ምን ተፈጠረ?” አልኳት።

የተፈጠረው ይህ ነው። መሪ ፕላኑ ላይ ያለው መንገድ ሊከፈት ሲል ሰላም በሳተላይት በሚሠራ መሣሪያ መስመሩን እንደገና ለካችው። የወይዘሮ ደብሬ ቤት ፊት ለፊቱ አራት ሜትር ያህል መንገዱ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ጋሽ አያል ፈቃዱን ሲሰጡ የለኩት ሰፈሩ ሜዳ ላይ ከተተከለ የኮንክሪት ድንጋይ ተነስተው ነው። ቀያሾች የሁሉም ልኬት መነሻ የሚያደርጉት፣ አናቱ ላይ ሚስማር ያለበት ድንጋይ ነው። ያ ድንጋይ ደግሞ ቀድሞ ከነበረበት ተነስቷል። አራት ሜትር።

“ጥያቄው አንድ ነው” አለች ሰላም። “አቶ አያል ድንጋዩ መነሳቱን እያወቁ ፈርመው ከሆነ ፈቃዱ በማታለል የተሰጠ ነው፤ ቤቱ በሙሉ ይፈርሳል። ሳያውቁ ከሆነ የመሥሪያ ቤታችን ስህተት ነው፤ መንገድ ውስጥ የገባው ብቻ ይነሳል፣ የቀረው ይቆማል፣ ለተነሳው ምትክ ይሰጣታል። እርስዎ እዚያ ነበሩ። ለኮሚቴው የሚያውቁትን እንዲናገሩ ነው።”

የማውቀውን ነው እንግዲህ መጻፍ የምሞክረው። የማውቀው ደግሞ እርስ በርሱ አይገጥምም።

ጋሽ አያል የአምበር አካባቢ ሰው ነበሩ። ልጅ ሆነው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ድቁና ተቀብለው፣ ከዚያ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው፣ በመጨረሻ ቀያሽ ሆኑ። አጠር ያሉ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ጆሮአቸው ላይ እርሳስ የማይጠፋ ሰው ናቸው። ከኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ የሲባጎ ጫፍ ተንጠልጥሎ ይታያል። የቤተ ክህነት ትምህርት የተወላቸው አንድ ነገር ነበር፤ የሰሙትንና የለኩትን በቃላቸው ይይዛሉ። ከጤና ጣቢያው በር እስከ ድልድዩ፣ ከድልድዩ እስከ ወፍጮ ቤቱ ስንት እርምጃ እንደሆነ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ሳያቋርጡ ይነግሩሃል። አንድ ጊዜ ልፈትናቸው ብዬ ሦስቱን በሜትር አስለክቼአለሁ። ከአንድ ክንድ በላይ አልተሳሳቱም።

ወረቀት ላይ በተሠራ ፕላን ብቻ ፈቃድ አይሰጡም ነበር። አመልካቹን ቦታው ድረስ ይዘውት ይሄዳሉ፣ ችካል ይመታሉ፣ በሲባጎ የቤቱን ክፍሎች መሬት ላይ ይዘረጋሉ። ከዚያ ባለቤቱን በዚያ በሌለ ቤት ውስጥ ያስገቡታል፣ ያስቀምጡታል፣ ያስወጡታል። “ይኼ ወረቀት” ይሉ ነበር ፕላኑን እያርገበገቡ፣ “ሐምሌን አይቶ አያውቅም። ጎርፉ በየት እንደሚመጣ እሱን ብትጠይቀው ምን ይልሃል?”

ለሁሉም የሚያቀርቧቸው ሁለት ጥያቄዎች ነበሯቸው። አንዱ ጎርፉ ነው። ሁለተኛውን መጀመሪያ የሰማሁት አራት ፎቅ ሊሠራ ለመጣ አንድ ነጋዴ ሲያቀርቡለት ነው።

“ሬሳ በየት ይወጣል?”

“ምን አሉኝ?”

“ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሰው ቢሞት፣ ሳጥኑ በዚህች ደረጃ ይዞራል ወይ?”

“ጋሽ አያል! ገና መሠረት ሳልቆፍር ሟርት?”

“ሰው የማይሞትበት ፎቅ ከሆነ የምትሠራው ንገረኝና ልፈርምልህ፤ እኔም መጥቼ እከራየዋለሁ።”

ሁለት የቀን ሠራተኞችን አንድ ረጅም ጣውላ አሸክመው በሲባጎው ደረጃ አዞሯቸው። ጣውላው ማጠፊያው ላይ ሲባጎውን በጠሰው። ነጋዴው ተሳድቦ ሄደ፣ በሳምንቱ ደረጃውን አስፍቶ መጣ። ዛሬ ሕንፃው ቆሟል፤ ባለቤቱ ለእንግዳ ሁሉ ስለ ደረጃው ስፋት ሲያወራ የራሱ ሐሳብ እንደሆነ አድርጎ ነው።

ሌላም አውቃለሁ። የራሳቸው የግቢ አጥር ከእግረኛ መንገዱ አንድ ስንዝር ገብቶ እንደነበር ደረሱበትና አንድ ቅዳሜ ራሳቸው ዲጂኖ ይዘው አፈረሱት። ባለቤታቸው በር ላይ ቆመው “ሰው ምን ይለናል!” ሲሉ እኔ ደርሼአለሁ።

“ማን ከሰሰዎት?” አልኳቸው።

“ማንም።”

“ታዲያ?”

“እስኪከሱኝ ልጠብቅ?” አሉና የአጥሩን ድንጋይ መልሰው መቱት።

ለስንዝር የራሳቸውን አጥር ያፈረሱ ሰው ናቸው። አራት ሜትር አላዩም የተባልኩት ስለ እሳቸው ነው።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ማስታወሻ ደብተሬን አግኝቼዋለሁ፤ ዳሩ ዝናብ ነክቶታል፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል።

ወይዘሮ ደብሬ የቤተ ክርስቲያን አልባሳትና ጥላ ይሰፋሉ። አርባዎቹን የተሻገሩ፣ ምላሳቸው የማይደክም ሴት ናቸው። ቦታውን ካገኙ ቆይተዋል፤ ፕላኑ አንዴ ይህ ጎደለ፣ አንዴ ያ ጎደለ እየተባለ ሲመላለስ ግንባታ መጀመሪያው ጊዜ ሊያልፍባቸው ሳምንታት ቀርተው ነበር። ጊዜው ካለፈ ቦታው ተመላሽ ይሆናል። ይህንን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ጋሽ አያልም ያውቁ ነበር። ይህን በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ፤ እኔ ፊት ነው ወይዘሮ ደብሬ የነገሯቸው።

ጋሽ አያል ከትምህርት ቤቱ በር ተነስተው እስከ ድንጋዩ ረገጡ። ልማዳቸው ነው፤ መሣሪያውን ከመትከላቸው በፊት በእግራቸው ይለኩታል። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ግንባራቸውን ቋጠሩ። ወደ ትምህርት ቤቱ በር ተመለሱና እንደገና ረገጡ። እንደገና ቆሙ። ጫማቸውን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ።

“ምነው ጋሽ አያል?” አልኩ።

“ዛሬ ወይ እግሬ…” አሉና ተዉት። ደብተሬ ላይ ልክ እንዲህ ነው ያለው፤ “ዛሬ ወይ እግሬ” እና ሦስት ነጥብ። ከዚያ መሣሪያቸውን ድንጋዩ ላይ ተከሉ፣ ለኩ፣ ችካል መቱ፣ ሲባጎ ዘረጉ።

ወይዘሮ ደብሬ ወደ ሲባጎው ቤት ሲገቡ እግራቸውን አንስተው ተሻገሩት።

“እሜቴ፣ ይመለሱ! በግድግዳ ነው እንዴ የሚገቡት?”

“ታዲያ በሩ የት አለ?”

“እርስዎ ነዎት ያሳሉት፤ እኔን ይጠይቁኛል?”

ተመልሰው በበሩ ገቡ። ለስፌት ክፍል በተባለው ቦታ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው የስፌት መኪና እንደሚያዞር ሰው እግራቸውን አወዛወዙ። “ጨለመብኝ” አሉ። “መብራት አብሩልኝ!” ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ አያል ግን አልሳቁም። ሲባጎውን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ “ፊቱን የስፌት ክፍሉን በጭቃ ሥሪው፤ የኋላውን በብሎኬት” አሏቸው፤ አንቱታውን ትተው። ወጪው እንዳይከብዳቸው አስበው ይሆናል ብዬ አልፌዋለሁ፤ ደብተሬ ላይ ያለማብራሪያ ሰፍሯል። ከዚያ ፈረምኩ። ሦስት ሰው ፈረመ። የቦታው ባለቤት ወይዘሮ ደብሬ፣ እኔና የእድሩ ዳኛ አቶ ባንቴ።

ከሰላም ስልክ በኋላ መጀመሪያ ያነጋገርኩት አቶ ባንቴን ነው። ለቅሶም ለመድረስ ብዬ ነው የሄድኩት፤ የጋሽ አያልን ባለቤት አጽናንቼ ስወጣ አቶ ባንቴ ሸኙኝ። ድንጋዩን ማን እንደነቀለው መርምሬ ላወጣ ተዘጋጅቼ ነበር። ሰውዬው ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

“እኛ ነን” አሉ።

“እናንተ ማን?”

“እድሩ ነዋ! ሜዳው ላይ ለቅሶ ድንኳን ስንተክል ምሰሶው የሚያርፈው እሱ ላይ ሆነ። ‘የመንግሥት ነው፣ አትንኩት’ ያለም ነበር። እኔ ግን ‘ለሐዘንተኛ ሲባል ወደ ጥግ እናስጠጋው’ አልኩ።”

“አቶ ባንቴ፣ እሱ እኮ የሁሉም ልኬት መነሻ ነው።”

“ታዲያ ሜዳ ላይ ጥለነው መሰለህ? በክብር ነው የተከልነው! አሸዋ አስመጥተን፣ ሲሚንቶ አድርገን። ከድሮው ይልቅ አሁን ነው የጠበቀው። ሂድና ግፋው እስቲ፣ ንቅንቅ ይላል?”

ንቅንቅ አይልም። ሄጄ ገፍቼዋለሁ። ሰፈሩ በሙሉ መንግሥትን አክብሮ፣ ድንጋዩን ሳያጎድፍ፣ ሚስማሩን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ አራት ሜትር ወስዶ ተክሎታል። ለማንም አልተናገሩም፤ ያጠፉ አልመሰላቸውማ።

“ጋሽ አያል ያውቁ ነበር?” አልኳቸው።

“አልነገርናቸውም። ያን ጊዜ ባሕር ዳር ለስብሰባ ሄደው ነበር።”

“ሁለት ጊዜ ሲረግጡት አይቻለሁ።”

“እግራቸው ነዋ” አሉ አቶ ባንቴ። “ስኳሩ አደንዝዞባቸው ነበር እኮ። አንድ ቀን አንድ እግር ጫማቸው ወልቆ ሳይታወቃቸው ከገበያ እስከ ቤታቸው ሄደዋል። ምን እርምጃ ቀረላቸው እሳቸው?”

ይህን አላውቅም ነበር። ደብተሬን አውጥቼ “ዛሬ ወይ እግሬ…” የሚለውን ደግሜ አነበብኩ። ቀድሞ ሳነበው ወደ አንድ ወገን ያደላ ነበር፤ አሁን ወደ ሌላው አደላ።

ጽሕፈት ቤት ስሄድ ሰላም መልሳ ወደ መጀመሪያው ወገን ጎተተችኝ። ወጣት ናት፤ ስትናገር ወረቀቱን በጣቷ እየነካች ነው። በክፋት የምትሠራ አልመሰለችኝም፤ የጋሽ አያል የድሮ ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው፣ አንድ ክረምትም አብራቸው ሠርታለች።

“ይኼን ይዩ” አለች። ፈቃዱን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ በጋሽ አያል የተጠቀጠቀ ጽሕፈት፣ “ከቆመው ድንጋይ የተለካ” ይላል።

“እና?”

“ዘጠና ፋይል አየሁላቸው። ሌላ ላይ አንድም ቦታ እንዲህ ብለው አልጻፉም። ከድንጋይ መለካቱማ የታወቀ ነው፤ ለምን ይጻፋል? ‘ከቆመው’ ማለት ለምን አስፈለገ?”

“ውሸት ነው?”

“አይደለም። ከቆመው ነው የለኩት።” እርሳሷን አስቀመጠች። “እሱ ነው የሚያበሳጨኝ። ስህተት ብለው ስህተት አይመስልም፣ ማታለል ብለው ውሸት የለበትም። እሳቸው ናቸው እኮ ለእኔ ‘ካልገጠመልሽ ችካል አትምቺ’ ያሉኝ።”

“ድንጋዩ መነሳቱን ቢያመለክቱ ምን ይሆን ነበር?”

“ከባሕር ዳር ባለሙያ መጥቶ እስኪያስተካክል የሰፈሩ ፈቃድ በሙሉ ይቆማል። ስድስት ወር፣ ዓመት።”

የወይዘሮ ደብሬ ጊዜ በዚያ ውስጥ ያልቅ ነበር። ይህንን ለሰላም አልነገርኳትም፤ ፋይሉ ውስጥ ስላለ ታውቀዋለች።

ኮሚቴው ቦታው ድረስ በሚመጣበት ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ደብሬ ቤት ሄድኩ። ፊት ለፊቱ የጭቃ ቤት ነው፤ የስፌት ክፍሉ። ካባና ጥላ ተሰቅሏል፤ የወርቅ ክር ወለሉ ላይ ተበትኗል። ከኋላ ብሎኬቱ ቤት። ከጎን ዞሬ ሳይ አንድ እንግዳ ነገር አየሁ። የጭቃው ክፍል ከብሎኬቱ ቤት ጋር አይጋራም፤ የየራሳቸው ግድግዳ አላቸው፣ የየራሳቸው ቆርቆሮ። በመካከላቸው አንድ ክንድ የማይሞላ ክፍተት አለ፤ ክፍተቱን ከላይ በቁራጭ ቆርቆሮ ሸፍነውታል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያስገባው አንድ በር ብቻ ነው።

“ሁለት ግድግዳ ለምን አስፈለገ?” አልኳቸው።

መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩ። “እሳቸው ናቸው። ከፈረሙልኝ በኋላ በሳምንቱ ብቻቸውን መጡ። ‘የፊቱን ከኋላው ጋር አታጣብቂው፤ ለየብቻ ይቁሙ’ አሉኝ። ግንበኛው ‘አያቴም እንዲህ ያለ አልሠራች’ ብሎ ሲስቅብኝ ነበር።”

“ለምን እንደሆነ አልጠየቋቸውም?”

“ጠየቅኩ። ‘ሰፊ አይደለሽ እንዴ?’ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩም። ልብስ ሲሰፋ ለሚያጥረውም ለሚረዝመውም ትርፍ ይተዋል፣ እኔ እንዲያ ነው የገባኝ።” ቀና ብለው አዩኝ። “ነገ ይኼን ልበል፣ አልበል?”

ጥያቄው ገባኝ። ከተናገሩ ጋሽ አያል ያውቁ እንደነበር ማስረጃ ነው፤ ቤቱ በሙሉ ይሄዳል። ካልተናገሩ…

“እኔ ዘጋቢ ነኝ፣ ወይዘሮ ደብሬ። እንዲህ በሉ አልልም።”

“ዘጋቢ መሆንዎንማ አውቃለሁ። ሰው መሆንዎን ነው የጠየቅኩ።”

ተሰናብቼ ወጣሁ። በጋሪ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በሚኒባስ እስከ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ሳሰላስል ነበር። ጋሽ አያል ያውቁ ነበር፤ አሁን ይህን የሚያናጋ ነገር አላገኝም። ግን ደግሞ የጎርፍና የሬሳ መውጫ የሚጠይቁ፣ ለሁሉም ነገር መጠንቀቅ ልማዳቸው የሆነ ሰው ናቸው። መንገድ ዳር ያለ ሱቅ ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ይነሳል ብለው ለሌላውም እንዲህ መክረው ይሆናል። ጋሪው ላይ ከመውጣቴ በፊት ግን አራት ቤት ገብቼ ይህንኑ ጠይቄ ነበር። ለማንም አልመከሩም። እሺ፣ አውቀዋል። ካወቁ ለስንዝር አጥራቸውን የናዱት ለምን ነበር? የራሳቸውን አፍርሰው የሰውን የሚያልፉ ከሆነ፣ እኔ ጻድቅ ብዬ የዘገብኩት ሰው ማን ነበር? በዚያ ሚኒባስ ውስጥ የያዝኩት ማስታወሻ ሦስት ገጽ ሙሉ የተሰረዘ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኮሚቴው መጣ። ሰብሳቢው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቀስ ብለው ይናገራሉ። ሰላም መሣሪያዋን ተከለች፤ የመንገዱን ጠርዝ በቀይ ቀለም መሬት ላይ እየነጠበች ከታች ወደ ላይ መጣች። የሰፈሩ ሰው አጥር ላይ ተደግፎ ያያል። ወይዘሮ ደብሬ በራቸው ላይ ቆመዋል፤ አንገታቸው ላይ የስፌት ሜትር አለ።

መጀመሪያ እኔን ጠየቁኝ። ያየሁትን ነገርኩ። ሁለት ጊዜ መርገጣቸውን፣ ጫማቸውንና ድንጋዩን ማየታቸውን፣ “ዛሬ ወይ እግሬ” ብለው መተዋቸውን፣ ፊቱን በጭቃ ሥሪ ማለታቸውን።

“ታዲያ ያውቁ ነበር ማለት ነው” አሉ ሰብሳቢው።

“ሁለት ጊዜ ረገጡ ነው ያልኩት።”

“እርስዎ ምን ይመስልዎታል?”

“የሚመስለኝን ብዙ ጊዜ ቀያይሬዋለሁ። ያየሁት ይኸው ነው።”

አቶ ባንቴ ተከትለው ስለ ስኳሩና ስለ ወለቀው ጫማ መሰከሩ፤ ድንጋዩን እድሩ በክብር እንደተከለውም ጨመሩ። ሰው ሳቀ። ሰላም አልሳቀችም። ቀለሙን እየነጠበች የቤቱ ጎን ደርሳ ነበር። እዚያ ቆመች። ቀዩ ነጥብ ያረፈው በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል፣ በዚያች ክንድ በማትሞላ ክፍተት ውስጥ ነው።

ሁሉም መጥቶ አየ።

“ወይዘሮ ደብሬ” አሉ ሰብሳቢው፣ “ሁለት ግድግዳ ማን አሠራዎት?”

“እኔ ነኛ! ቤቱ የማን ነው?”

“ማንም አልመከረዎትም?”

“እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ጌታው። ትርፍ ሳልተው ቆርጬ አላውቅም።” እጃቸው አንገታቸው ላይ ያለውን ሜትር ይጠቀልል ነበር።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። “አቶ አያል ይህን ሲያዝዙ አይተዋል?”

“አላየሁም።”

እውነት ነው። አላየሁም። የሚቀጥለውን ጥያቄ ጠበቅኩ፤ “ሰምተዋል?” የሚለውን። እኔ ብሆን እጠይቀው ነበር፤ በዚህ ሙያ ጀማሪ የሚማረው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። ሰላም አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ። ጥያቄው በእሷም አፍ ላይ እንደነበር አልጠራጠርም። ቢጠየቅ እመልስ ነበር ብዬ ለራሴ እላለሁ፤ ይህንንም አላየሁትም። ሰላም ዓይኗን ወደ መሣሪያዋ መለሰች፣ እግሮቹን አጠፈች። ሰብሳቢው ወረቀታቸውን ወደ ሌላ ገጽ ገለበጡ።

ውሳኔው “የመሥሪያ ቤቱ የልኬት ስህተት” የሚል ሆነ። የፊቱ ክፍል ይነሳል፤ የኋላው ቤት ይቆማል።

ሲፈርስ ልዘግብ ሄድኩ፤ ቢያንስ ለአለቃዬ ያልኩት እንደዚያ ነው። ቆርቆሮውን አወረዱ፣ ማገሩን ነቀሉ፣ ጭቃው በግማሽ ቀን ተናደ። የመጨረሻው ግድግዳ ወደ መንገዱ ሲወድቅ አቧራው ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ቆመ። ሲጠራ የብሎኬቱ ቤት ፊት ታየ። ሙሉ በሙሉ ተለስኗል። የደጅ ቀለም ተቀብቷል። ከበሩ ጎን ደግሞ መስኮት አለው፤ ባለ ፍርግርግ፣ የዝናብ መከላከያ ጠርዝ የወጣለት፣ ወደ መንገዱ የዞረ መስኮት። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ፊት ለፊቱ ግድግዳ ተገትሮበት ነበር።

ሰላም ርክክቡን ለመመዝገብ መጥታ ነበር። መስኮቱን አየችው። እኔም አየሁት። ሰብሳቢው መኪና ውስጥ ሆነው እንዳዩት እርግጠኛ ነኝ። ሰላም የጻፈችውን ጽፋ፣ ቀኑን ሞልታ፣ ደብተሯን ዘጋች።

እኔ ያን ዘገባ አልሠራሁትም። ጋሽ አያል አጠፉ ወይስ አላጠፉም ብትሉኝ፣ ይህን ሁሉ ጽፌም መልሱን አላገኘሁትም። ሕግ አስከባሪ ነበሩ፤ ሕጉን ደግሞ አራት ሜትር አስኪደውታል፤ ከዚያ ያስኬዱትን ራሳቸው በሲባጎ መልሰው ለክተውታል። እነዚህን ሦስቱን አንድ ሰው ላይ ማስቀመጥ አቅቶኛል።

ተሰናብቼ ልሄድ ወደ ቤቱ ገባሁ። ወይዘሮ ደብሬ መስኮቱን ሸፍኖ የኖረውን የልብስ መደርደሪያ እየገፉ ነበር፤ አብሬያቸው ገፋሁ። መስኮቱ ተከፍቶ ስለማያውቅ ማጠፊያው ዝጎ ነበር። በጉልበታቸው ሁለቴ ሲስቡት ወደ ውስጥ ተከፈተ። መንገዱ ታየ፤ አቧራውም፣ ቁልቁል የሚሄዱት ሰዎችም። የስፌት መኪናውን እየጎተቱ አምጥተው መስኮቱ ሥር አቆሙት፣ ወንበር ሳቡ፣ የጀመሩትን ካባ ዘርግተው ክሩን በመርፌው ዓይን ለማግባት ጎንበስ አሉ። አልሆነላቸውም። ቀና አሉ።

“ወንድሜ” አሉኝ፣ “ለእሑድ የማደርሰው ሥራ አለኝ። ከብርሃኑ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ።”